ጀልባዋን ያደረስንባቸው አራት ቀናት

ባለቤቴና እኔ ለመፋታት የተስማማነው በሰኔ ነው። ጀልባችንን ለገዢዋ ያደረስነው ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ። በመሃሉ ባሉት ሁለት ወራት እሷ ልብሷን በሻንጣ እያደረገች ጥቂት በጥቂት ስቶክሆልም ዳርቻ ሃሉንዳ ወዳለው የእህቷ ቤት ታመላልስ ነበር። እኔ ሃግሴትራ ባለው ቤታችን መስኮት ዳር ቆሜ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ባቡር ጣቢያው ስትወርድ አያታለሁ። ተጣልተን አልነበረም። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው የለም፤ ችግራችንም እሱ ነበር።

ገዢዋ ኦረግሩንድ የምትኖር አስተማሪ ነች። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ነው፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን፣ በእኛ አሮጌ ጀልባ ግን ደሴት ለደሴት እየተሽሎከለኩ አራት ቀን። «እዚህ ድረስ ካመጣችሁልኝ እወስዳታለሁ» አለች። ጀልባዋን አንድ ሰው ሊነዳት ይችላል፤ ለማቆም ግን ሁለት ሰው ትፈልጋለች። አብሮኝ ሊሄድ ቃል የገባው የሥራ ባልደረባዬ በመጨረሻው ሳምንት ሳይመቸው ቀረ። ይህንን ለባለቤቴ በስልክ የነገርኳት ለወሬ ያህል ነበር። እሷ ግን፣

«እኔ እመጣለሁ» አለች።

«ግድ የለሽም፣ ሰው አላጣም።»

«ብቻህን ባሕር ላይ አልለቅህም። አንድ ነገር ብትሆን ለእናትህ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?»

ጀልባዋ እጄ የገባችው ልጃችን በሞተች በስድስተኛው ወር ነው። ሜርስታ ባለ አንድ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እዚያ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ስዊድናዊ ሽማግሌ ነበር፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ጀልባውን የሚረከበው ሰው ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከጎኔ ተቀምጦ ሲያወራ እኔ ልውሰዳት አልኩት። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሕር ሳላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌው ምንም አልጠየቀኝም። ያንን ጸደይ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የባሕር ካርታ ማንበብ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም፣ ገመድ መቋጠር አስተማረኝ።

ከስቶክሆልም ወደ ባሕሩ ሲወጣ ያለው ደሴት ነው፤ ሥፍር ቁጥር የሌለው ደሴት። ለከተማው የቀረቡት ዛፍም ቤትም አላቸው። እየራቁ ሲሄዱ ቤቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ ዛፉ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ከውሃው ብቅ ያለ ለስላሳ ግራጫ ዓለት ብቻ ይሆናል። በእነዚህ ደሴቶች መሃል ውሃው ወደ ዓለቱ ገባ ያለባቸው፣ ነፋስ የማያገኛቸው ትንንሽ ገቦች አሉ። ማንም ያልሠራቸው ወደቦች ናቸው። መልህቁን ከኋላ ትጥላለህ፤ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ዓለቱ ይዘህ ቀስ ብለህ ትጠጋለህ፤ አንዱ ሰው ገመዱን ይዞ ይዘልና ከዛፍ ጋር ያስራል። ዛፍ ከሌለ የዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ የብረት ካስማ በመዶሻ መትቶ እዚያ ላይ ያስራል።

ሦስት በጋ እነዚያን ቦታዎች ስፈልግ ኖርኩ። ሌላ ጀልባ ቆሞ ካየሁ አልፌ እሄዳለሁ። ሰው የሌለበት፣ ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮ ጭው የሚያደርግ ዝምታ ያለበት ካልሆነ አልረጋም። ባለቤቴ ሁልጊዜ አብራኝ ትመጣለች። ፍሊትቬስት የሚሉትን ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሳ፣ ጀልባዋ ታስራ ቆማ እንኳ ሳታወልቀው፣ በሁለት እጇ ጠርዙን ይዛ ትቀመጣለች። ዝምታው እኔን ያሳርፈኝ ነበር። እሷን ያሳርፋት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ስለ ልጃችን ልናገር። በሰባት ወሯ ተወለደች፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ከክርኔ እስከ መዳፌ የማትሞላ ነበረች። በመስተዋት የሙቀት ሣጥን ውስጥ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተደርጎላት ትተኛለች፤ እኛ በጎን ባለው ቀዳዳ እጃችንን እያስገባን አንድ ጣታችንን እናስይዛታለን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐኪሟ ሳንባዋ እንዳልበረታ ነገረችን። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዛ፣

«ቄስ እንጥራ፤ ትጠመቅ» አለችኝ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሕፃኑ የሚያሰጋ ሲሆን ግን ቀኑ አይጠበቅም፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ።

«ሰማንያዋን እንጠብቃለን» አልኳት።

«ባትደርስስ?»

«ትደርሳለች። አሁን ቄስ ከጠራን በቃ ትሙት ማለታችን ነው። እኔ ይህንን አላደርግም።»

በማግስቱም ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀንም። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። ያለ እኔ መጥራት ትችል ነበር፤ ግን እኔን ማለፍ አልሆነላትም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልጃችን ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት አይደረግለትም። ቀብሩ ላይ ቄሱ መጥተው ነበር፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መስቀላቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው፣ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ከዳር ቆሙ። ባለቤቴ ያንን ኪስ ስታይ አየኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጃችንን ነገር በአንደበቴ አንስቼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ በነሐሴ መጨረሻ እንዲህ ሆነን ነው ጉዞ የጀመርነው። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ነበር። የበጋ ቤቶቹ መስኮት መዘጋጋት ጀምሯል፤ ውሃው ላይ የነበረው የጀልባ ብዛት አልቋል። እንደ እንግዳ ተከባበርን። ሻይ አፍልታ ብርጭቆውን ስትሰጠኝ፣

«ስኳር ላድርግልህ?» አለችኝ።

ስምንት ዓመት ያለ ስኳር ስጠጣ ያየች ሴት ናት። «አይ፣ ይብቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። ሁለታችንም ወደ ውሃው ዞርን። የዚያን ቀን ሸምበቆ በከበበው አንድ ገብ ውስጥ አደርን። ከፊት ባለው፣ ድሮ ሁለታችን በምንተኛበት ጠባብ አልጋ እሷ ተኛች፤ እኔ በጎን አግዳሚው ላይ።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሰማዩ ከበደ። ወደ ውጪኛዎቹ ደሴቶች ወጥተን ነበር። ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት በሁለት ራቁት ደሴቶች መሃል ገባን። ባለፈው በጋ ያገኘሁትና የምወደው ቦታ ነው፤ አንድ ዛፍ የለውም፤ ሮዝ የሚመስል ዓለት፣ በስንጥቁ የበቀለ ሣርና ወፎች ብቻ። እሷ ሞተሩን ይዛ እኔ ዘለልኩ፤ ካስማውን መታሁ፤ ገመዱን አሰርኩ። እሷ ምሳ ልትሠራ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ፍሊትቬስቴን አውልቄ ጀልባዋ ላይ ወረወርኩና ወደ ደሴቲቱ አናት ወጣሁ። የነፋሱን አቅጣጫ ለማየት ነው አልኳት። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ፊት ለመጥፋት ነው።

ነፋሱ ዞሮ የመጣው እዚያ ላይ ቆሜ ሳለ ነው። ቀስ ብሎ አይደለም፤ በር ሲበረገድ እንደሚመጣ ነው የመጣው። ሮጬ ስወርድ ካስማው ከስንጥቁ ተነቅሎ ገመዱ ውሃ ውስጥ ወድቋል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ከእኔ መልሳ፣ የኋላ መልህቋን እየጎተተች፣ በጎን ወደ ማዶው ዓለት ትንሸራተታለች። ባለቤቴ ከውስጥ ወጥታ ጠርዙን ይዛ ቆማለች። በመሃላችን ሃያ እርምጃ የሚሆን ውሃ አለ። እኔ ዋና አልችልም።

«ሞተሩን አስነሺ!» ብዬ ጮህኩ።

የሞተሩን ማስነሻ ገመድ አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች፤ ሞተሩ አልተነሳም። ሦስተኛውን ስትሞክር ማዶው ዓለት ከጀልባዋ ጀርባ ሁለት ሜትር አልቀረውም። እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስሟን እየጠራሁ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሞተሩን ተወችው። ወደ ፊት ሄደች፤ ረጅሙን ገመድ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሰረች። ከዚያ ፍሊትቬስቷን ፈትታ ጣለችው፤ ሹራቧንም አውልቃ የገመዱን ሌላ ጫፍ ትከሻዋና ብብቷ ላይ አዞረች።

«ምን እያደረግሽ ነው? እንዳትዘልዪ! እንዳትዘልዪ እኮ ነው የምልሽ!»

ዘለለች።

ጭንቅላቷ ውሃው ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ያለፈውን ጊዜ መናገር አልችልም። ወጣች። ዋኘች። እንደሚሰምጥ ሰው መንፈራገጥ አይደለም፤ ክንዷን እያፈራረቀች፣ ፊቷን ወደ ጎን እያዞረች፣ አየር እየሳበች፣ ሥርዓት ባለው መንገድ ዋኘች። አጠገቤ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ገመዱን እጄ ላይ አደረገችና፣

«ሳብ!» አለችኝ።

ተረከዛችንን ዓለቱ ላይ ተክለን አብረን ሳብን። ጀልባዋ እምቢ አለች፣ ቆመች፣ ከዚያ እየተጎተተች መጣች። ገመዱን ራሱ ዓለቱ ላይ ዙሪያውን ጠምጥመን አሰርነው። ሌላ ካስማ መታሁ፤ በላዩ ሌላ ጨመርኩ። ከመቸኮሌ የተነሳ መዶሻው ሁለቴ ጣቴን አገኘው።

ዝናቡ ሲጀምር ውስጥ ገባን። ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አለበስኳት። ትንሿን የጋዝ ምድጃ አቀጣጥዬ ሻይ ጣድኩ። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ይህ ለእኔ የማይሆን ነገር ነው።

«መቼ ነው የተማርሽው?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ። ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጥ ትምህርት አለ።»

ማክሰኞ ማክሰኞ። ከሥራ አምሽታ ትመጣ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሻርፗን ስትፈታ ጸጉሯ እርጥብ ነበር። በረዶ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«ለምን ተማርሽ?»

«እዚህ ላይ ስቀመጥ እፈራ ነበራ! አንተ ደግሞ ከዚህች ጀልባ ሌላ የምትገኝበት ቦታ አልነበረህም። ፍርሃቱ ከለቀቀኝ አጠገብህ መቀመጥ እችላለሁ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀፈች።

«መጀመሪያ ድንገት ዘልዬ ላስደንቅህ ነበር ሐሳቤ። እንድትስቅ። ከዚያ እስቲ መጀመሪያ ‹የት ነበርሽ?› ብሎ ይጠይቀኝ አልኩ። አንተ አልጠየቅህም። እኔም እልህ ያዘኝ።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ሦስት ዓመት አፌ ውስጥ የነበረው ነገር ያኔ ወጣ። እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም። «ቄስ እንጥራ ያልሽኝ ቀን» አልኳት። ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እምቢ ያልኩት ስለማላምን አይደለም። ቄሱ የመጡ ዕለት የምትሞት መስሎኝ ነው። እሳቸውን በር ላይ ካስቀረኋቸው ሞትንም በር ላይ የማስቀረው መሰለኝ። ጥምቀቱን እኔ ነኝ ያስቀረሁባት።»

«ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ያላናገርከኝ?»

«እንደምትጠዪኝ ስለማውቅ ነው።»

«ጠልቼህ ነበር» አለች፤ ሳትቆጣ። «አንድ ዓመት ያህል በጣም ጠልቼህ ነበር። ከዚያ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ የት ነው ያለችው አልኳቸው። እሳቸውም፣ ‹ልጄ፣ አንቺ ይህን ያህል ያዘንሽላት እግዚአብሔር የማያዝንላት መስሎሽ ነው?› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የዚያን ቀን ጥላቻው ለቀቀኝ። ልነግርህ እየሮጥኩ ቤት ስመጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተህ አገኘሁህ። ቀና አላልክም።»

የትኛው ቀን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ካርታ የዘረጋሁባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው።

አለቀስኩ። ልጃችን ስትሞት ያላለቀስኩትን ልቅሶ ሰው አጠገቤ እያለ ስንሰቀሰቅ፣ ባለቤቴ እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ ጀርባዬ ላይ አደረገች። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ፊቴን ጠርጌ፣

«አንሽጣት። እንመለስ» አልኳት። «ወደ ቤት እንመለስ።»

እጇን አላነሳችም። መልሱን ግን እጇ ላይ አወቅሁት።

«አልጠላህም» አለችኝ። «ይህንን እወቅልኝ። ግን ደክሞኛል። እኔ ልጄን ብቻዬን አልቅሼ ጨርሻለሁ። አንተ ገና ዛሬ ጀመርክ። ከአንተ ጋር ሆኜ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አልችልም፤ ብጀምር እሞታለሁ።»

የቀዘቀዘውን ሻይዋን ደፍቼ ሌላ ቀዳሁላት።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ውሃው ዘይት እንደፈሰሰበት ረግቶ ነበር። ሞተሩን አጽድቼው በመጀመሪያው ተነሳ። ያን ቀን ብዙ አወራን። ስለ ልጃችን ጣቶች አወራን። አፍንጫዋ የማን እንደነበረ ተከራከርን፤ እኔ የእናቴ ነው አልኩ፣ እሷ የአባቷ ነው አለች። ባልና ሚስት ሆነን ካሳለፍነው ዘመን ሁሉ በጣም የተቀራረብንበት ቀን እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከሰዓት በኋላ በቆምንበት ገብ እሷ ለብቻዋ ገብታ ዋኘች። እኔ ዓለቱ ላይ ተቀምጬ አየኋት። በጀርባዋ ተንሳፍፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ፊቷ ላይ ያ የማውቀው ጭንቀት አልነበረም። ሁለት ክረምት ለእኔ ብላ የተማረችው ነገር አሁን የራሷ ሆኗል።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ኦረግሩንድ ደረስን። አስተማሪዋ የእንጨት መድረኩ ላይ ቆማ ስትጠብቀን ነበር፤ ደስ ያላት፣ ቀይ ጉንጭ ያላት ሴት። እያንዳንዱን ሳጥን እየከፈተች አየች። «ለምን ትሸጧታላችሁ?» ስትለን ተያየን። ባለቤቴ በስዊድንኛ «ደርሰናል፤ ለዚህ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቁልፉን ሰጠሁ። ስንጥቅ የሚይዙትን ካስማዎች በደንብ እንድትመታ አደራ አልኳት።

በአውቶቡስ እስከ ኡፕሳላ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ስቶክሆልም መጣን። ባቡሩ ሜርስታን ሲያልፍ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። አልተንቀሳቀስኩም። ማዕከላዊው ጣቢያ ስንደርስ እሷ ወደ ቀዩ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር፣ እኔ ወደ አረንጓዴው መውረድ ነበረብን። ሰው እየገፋን በሚያልፍበት መሃል ቆምን።

«ብላ እንጂ፤ ከስተሃል» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

የፍቺውን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ሞላን። ቅጹ ላይ ዕድሜው ከአሥራ ስድስት በታች የሆነ የጋራ ልጅ አላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ያላቸው ሰዎች ስድስት ወር ማሰቢያ ይሰጣቸዋል። እኛ «የለንም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግን፤ ስለዚህ የምናስብበት ጊዜ አላስፈለገም። ውሳኔው ቶሎ በፖስታ መጣ። ፖስታውን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ያቺ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያደረግናት ምልክት ስትፍቀኝ ዋለች።

በጥቅምት ስልክ ደወለችልኝ። የልጃችን መቃብር እስከዚያ ድረስ ድንጋይ አልነበረውም፤ ባነሳችብኝ ቁጥር «እናያለን» እያልኩ የገፋሁት ጉዳይ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ አብረን ሄድን። የክርስትና ስም ስለሌላት ሁለታችን የምንጠራትን ስም እንጻፍላት ተባባልን። ሰውየው የእኛን ፊደል ቀርጾ አያውቅም፤ ወረቀት ሰጠንና በትልቁ እንድንጽፍለት ጠየቀን። እሷ እርሳሱን አነሳች። እኔ ወረቀቱን እንዳይንሸራተት ያዝኩላት። ከላይ ስሟን፣ ከሥር «የአሥራ ዘጠኝ ቀን ልጃችን» ብላ ጻፈች።

ድንጋዩ በተተከለ ዕለት ዝናብ ያካፋ ነበር። ቄሱም መጡ። ያኔ ከዳር የቆሙት ናቸው። አጠገባችን ቆመው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ልጆቼ» አሉን። «አሜን አባ» አልን፤ እኩል። ከዚያ የእሷ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ።